ስብሰባ ላይ የተነበበው የምልከታ ቅጽ

«በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መምህሩ 41 ደቂቃ ተናግረዋል።» የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይህን ከክፍል ምልከታ ቅጽ ላይ፣ ማለትም አንዲት ታዛቢ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያየችውን ከጻፈችበት ወረቀት፣ ጮክ ብለው ያነበቡት በመምህራን ስብሰባ መካከል ነበር። የመምህሩን ስም አልጠሩም። ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ምልከታ የተደረገለት አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ሁሉም አወቀ። በማግስቱ፣ ለክፍል ምልከታ በፈቃዳቸው ተመዝግበው ከነበሩት 6 መምህራን 4ቱ ስማቸውን አሰረዙ።

ይህ የሆነው ሐዋሳ ከሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ ነው። ኃላፊው ይህን ያደረጉት ሰው ለማዋረድ ብለው አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ውጤት ሲያሽቆለቁል በመጀመሪያ የሚጠየቀው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነውና፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ መፈለጋቸው ተገቢ ነበር። ሥልጠናም አልጎደለም። ከመምህራኑ አብዛኞቹ ሃየር ዲፕሎማ የሚባለውን የመምህራን የማስተማር ሙያ ሥልጠና ጨርሰዋል፤ በሰሚስተሩ መጀመሪያ ደግሞ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ የ3 ቀን ሥልጠና ወስደዋል። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ሁሉም አሳምረው ይመልሳሉ። የቸገረው ነገር ሰኞ ጠዋት 58 ተማሪ ፊት ሲቆሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው።

ምልከታ የተደረገላቸው የስታቲስቲክስ መምህር ከሥልጠናው እንደተመለሱ ሞክረው ነበር። ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገው ከፋፍለው ጥያቄ ሰጡ። በየቡድኑ አንድ ተማሪ ይጽፋል፣ አንዱ ያያል፣ ሦስቱ ስልካቸው ላይ ናቸው። ከዚያ 12 ቡድን በየተራ ወጥቶ ሲያቀርብ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ሲቀሩ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ሌክቸር ተመለሱ። ብዙ መምህር «አሳታፊ ትምህርት እኛ ዘንድ አይሠራም» የሚለው ከእንዲህ ዓይነት ሙከራ በኋላ ነው። ለቡድኑ የተሰጠው ጥያቄ አንድ ጎበዝ ተማሪ ብቻውን ሊሠራው የሚችል ከሆነ፣ ሌሎቹ አራቱ የሚነጋገሩበት ምክንያት የላቸውም።

ታዛቢዋ የመጣችው በሰባተኛው ሳምንት ነው። በማስተማር ልምድ ከመምህሩ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ሥራዋን የጀመረችው ግን በደንቡ መሠረት ነው። ከክፍል በፊት ለ15 ደቂቃ ተገናኙና ምን እንዲታይላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። «ተማሪዎቹ ለምን አይመልሱልኝም?» የሚል ነበር የመምህሩ ጥያቄ። እሷም ጥግ ላይ ተቀምጣ በየደቂቃው ሁለት ነገር ብቻ ጻፈች፦ መምህሩ ምን እያደረጉ ነው? ተማሪዎቹስ? «ጥሩ» ወይም «ደካማ» የሚል ቃል ቅጹ ላይ አይገባም። እንዲህ ያለ ቃል ከገባ ውይይቱ ወደ ክርክር ይለወጣል፤ የተቆጠረ ነገር ግን ለመነጋገሪያ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ተገናኙ። «መምህር፣ በክፍለ ጊዜው 14 ጥያቄ ጠይቀዋል፤ 9ኙ ‹ገባችሁ?› የሚል ነው። ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት ደግሞ አንድ ሰከንድ ያህል ነው» አለቻቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ እኮ ሳያነቡ ስለሚመጡ ነው የማይመልሱት እል ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ክፍል ውስጥ ያለው መልስ ወይ በአንድ ድምፅ «አዎ» ነው፣ ወይ ዝምታ። በ57 ጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» ብሎ መናገር የሚደፍር ተማሪ ጥቂት ነው። የአንድ ሰከንዱም ነገር የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው ከጥያቄ በኋላ መምህራን የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ተሳታፊው እንደሚበዛ ያሳየችው ከአሥርት ዓመታት በፊት ነው። በእንግሊዝኛ የተጠየቀውን በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ተማሪ ሦስት ሰከንድም አጭር ነው።

ለመምህሩ የቀረበላቸው ለውጥ ትንሽ ነበር፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ብቻ። የመጀመሪያው ይህ ነው፦ «መምህሩ ለሁሉም ተማሪ 5 ነጥብ ቢጨምር ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ምን ይሆናል? 1) በ5 ይጨምራል፣ 2) አይለወጥም፣ 3) ይቀንሳል፣ 4) በ5 ይባዛል።» ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ውጤቶች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ነውና ጥያቄው ምንም ስሌት አይጠይቅም፤ ፎርሙላውን ብቻ የሸመደደው ተማሪና ሐሳቡን የያዘው ግን ይለዩበታል። ተማሪው አንድ ደቂቃ ብቻውን ያስባል። ከዚያ በምልክት ሁሉም በአንድ ጊዜ የመልሳቸውን ቁጥር በጣታቸው ደረታቸው ላይ ያሳያሉ። ደረት ላይ የሆነበት ምክንያት ከኋላ የተቀመጠው ከፊት ያለውን እንዳይቀዳ ነው። ትክክለኛውን የመረጡት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ፣ መልሱ ሳይነገር በፈለጉት ቋንቋ ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ተከራክረው እንደገና ያሳያሉ። ከ30 በታች ከሆነ ክርክሩ አይጠቅምም፤ የሚያስረዳ ሰው የለምና እንደገና ማስተማር ነው። ከ70 በላይ ከሆነ ማለፍ። ዘዴው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ነው። አንዱ ጥያቄ 8 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ይህን ጊዜ ለማግኘት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን የፎርሙላ አመጣጥ በሃንድአውት አደሉት።

የመጀመሪያው ቀን መልስ ሲቆጠር ትክክለኛውን ቁጥር 2 የመረጡት 22 ነበሩ። ከክርክሩ በኋላ 45 ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ፈተናው ነበር። ሚዱ (የሰሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ውስጥ ካሉት 20 ጥያቄዎች 17ቱ ቁጥር ፎርሙላ ውስጥ አስገብቶ ማስላት ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። ፈተናው እንዲህ ከሆነ ተማሪው ክርክሩን እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ሽምደዳውን ይቀጥላል፤ ደግሞም አይፈረድበትም። ታዛቢዋና መምህሩ እያንዳንዱ ጥያቄ ጎበዙን ከደካማው ይለይ እንደሆነ ለማየት የፈተና ወረቀቱን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ውጤት ደርድረው ከላይና ከታች 27 በመቶ፣ ማለትም አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ወረቀት፣ ለዩ። ጥያቄ 7ን ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 9 አግኝተውታል። ልዩነቱ ለ16 ሲካፈል −0.25 ነው፤ ጥያቄው ጎበዞቹን ቀጥቷል ማለት ነው። ሲያነቡት «የተሻለው የመካከለኛ መለኪያ የቱ ነው?» ይላል፤ የመረጃው ሥርጭት ምን እንደሚመስል ግን አይናገርም። መልሱ «አማካይ» ተብሎ ታርሟል። ጎበዞቹ ጽንፍ የወጣ ቁጥር ሊኖር ይችላል ብለው አስበው «ሚዲያን»ን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) መርጠዋል። ጥያቄው ተሰርዞ ነጥቡ ተስተካከለ።

ቅጹ ስብሰባ ላይ የተነበበው ሥራው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ይጠቅማል ተብሎ ከታዛቢዋ ጠረጴዛ ላይ ተወሰደ። የስታቲስቲክስ መምህሩ ሁለቱን ጥያቄዎች አልተዉም፤ ታዛቢዋን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ክፍላቸው አልጋበዟትም።

ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቅጹ ለመምህሩ ብቻ እንዲሰጥ፣ ኮፒ እንዳይቀር፣ በቢሮው መዝገብ ላይ ቀኑና የምልከታው ብዛት ብቻ እንዲሰፍር ተወሰነ። ለምዘና የሚደረግ ጉብኝት ካስፈለገ በሌላ ሰው፣ በሌላ ቅጽና አስቀድሞ ተነግሮ ይካሄዳል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ደንብ ብቻውን ግን ማንንም አላመጣም። መምህራኑን ያመጣቸው ኃላፊው የራሳቸውን ክፍል ከሁሉ በፊት ማስታዘባቸው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው መጀመሪያ የስታቲስቲክስ መምህሩን ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀጥለውም በአንድ ክፍለ ጊዜ 11 ጊዜ «ገባችሁ?» እንዳሉ ለሁሉም ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ ስማቸውን ካሰረዙት 4 መምህራን 3ቱ ተመልሰው ተመዘገቡ።