ገመዱን ማን ሳበው?

ጅማ፣ ግንቦት፣ ቅዳሜ ሌሊት

ዝናቡ ከመሸ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ። ባለቤቴ ከአዳር ተራዋ ወጥታ ቀኑን ተኝታ ስለዋለች እንቅልፍ አልነበራትም፤ እኔም የማርመው የፈተና ወረቀት ተቆልሎ ሳለ እጄ አልሄድልህ አለኝ። ቶናውን እየጠጣን «ግራቪቲ»ን እንይ ተባባልን። ፊልሙ የሚከፈተው በጽሑፍ ነው፤ በጠፈር ድምፅን የሚያስተላልፍ ነገር የለም ይላል። በእኛ ቤትም ከቆርቆሮው በቀር የሚሰማ ነገር ስላልነበረ በዚህ ተስማማን።

የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ሳለ ብዙ ታግሻለሁ። ሀብል ቴሌስኮፕ ከምድር ወገብ በ28.5 ዲግሪ ያዘነበለ ምሕዋር ላይ ይዞራል፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ በ51.6 ዲግሪ። ጀርባ ላይ በታዘለች ትንሽ ሞተር ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከጅማ አዲስ አበባ እገባለሁ እንደማለት ነው። ዋጥ አደረግሁት። ፊልም ነው፣ ሁለቱ ጠፈርተኞች መሄድ አለባቸው።

ገመዱ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሳንድራ ቡሎክ እግሯ በፓራሹት ገመድ ተጠላልፎ ጣቢያው ላይ ቀርታለች፤ ጆርጅ ክሉኒ በእርሷ በኩል በማሰሪያ ተይዟል። ገመዱ ተወጥሯል፤ ከጣቢያው አንጻር ሁለቱም ቆመዋል። ከዚያ እርሱ እርሷን ለማዳን ማሰሪያውን ይፈታና እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ማን ሳበው? አዌቱ ሲሞላ ገመድ ይዞ የሚሻገር ሰው ገመዱን ቢለቅ ውሃው ይወስደዋል፤ ወንዙ መግፋቱን አያቆምምና። እዚያ ላይ ወንዝ የለም። አንዴ የቆመ ሰው ቆመ ነው፤ በሁለት ጣቷ ሳብ ብታደርገው ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። ገመዱ ገና እየተንሸራተተ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። ትዕይንቱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ለእኔ ቆመዋል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒል ዴግራስ ታይሰንም ፊልሙ በወጣበት በ2013 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነበር ያነሳው፤ ፊልሙን ወድጄዋለሁ ቢልም። በማግስቱ ዓመት 7 ኦስካር ሲወስድ፣ ከሰባቱ አንዱ ለዳይሬክተሩ ለአልፎንሶ ኩዋሮን ነበር።

ሰውየው በለቀቀበት ቅጽበት መብራት ሄደ። በጨለማው ውስጥ እየጮህኩ ሳስረዳ ባለቤቴ ሻማ ፈልጋ አበራች።

«አምና ስታለቅስ የነበርከው አንተ አልነበርክም?» አለችኝ።

ልክ ናት። አምና «ቺልድረን ኦፍ ሜን»ን ስናይ እኔ ዓይኔን ስጠርግ እርሷ ስትስቅ ነበር። በዓለም ላይ ልጅ መወለድ ከቆመ 18 ዓመት ሆኖት አንዲት ስደተኛ ታረግዛለች፤ ምጡ አውቶቡስ ላይ ይይዛትና ወዲያው ሳይቆይ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እጁን በመጠጥ በታጠበ ሰው እጅ፣ ልጁ ዱብ ይላል። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ሊወስድ እንደሚችል፣ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ማንም እጁን አጣጥፎ እንደማይቀመጥ ያን ሌሊት አስተምራኛለች። ጉዱ ደግሞ የዚያም ፊልም ዳይሬክተር ኩዋሮን መሆኑ ነው! ሁለታችንንም ያናደደን አንድ ሰው ነው።

ራሴን ለመከላከል ታይታኒክን አነሳሁ። መርከቧ ስትሰጥም ከላይ የሚታየው ሰማይ የዚያች ሌሊት ሰማይ አልነበረም፤ ታይሰን ነግሮት ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ2012 እ.ኤ.አ. ፊልሙ እንደገና ሲታይ ኮከቦቹን አስተካከለ። ከታሪኩ አንዲት ክር አልተነቀለችም። የ«ግራቪቲ» ገመድ ግን ይስተካከል ቢባል ሰውየው አይሞትም፣ ሴትዮዋም ብቻዋን አትቀርም፣ ፊልሙም የለም። ጠርዝ ላይ ያለ ስህተት ሌላ፣ ምሰሶው ራሱ ስህተት ሲሆን ሌላ ነው አልኳት። የምጡ ማጠር ጠርዝ ላይ ነው፤ ዋናው ልጁ መወለዱ ነው።

«ለአንተ ነዋ!» አለች። «ለእኔ ታሪኩ ምጡ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ቆርጠው ጥለው ልጁን ብቻ አስቀሩት።»

መልስ አላገኘሁም፤ እስካሁንም አላገኘሁም። መብራት ሲመጣ ፊልሙን ከቆመበት ቀጠልን። የቡሎክ እንባ ከጉንጯ ተላቅቆ እየተንሳፈፈ ሲመጣ በእውነቱ እንባ ዓይን ላይ ተጠራቅሞ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስላማረኝ ዝም አልኩ። የዳኝነቴን ሚዛን ባለቤቴ ባታይብኝ ደስ ይለኛል።

አሁን እርሷ ተኝታለች፤ እኔ ወረቀቱን እያረምኩ ነው። የገመዱን ነገር ከወራት በፊት ስለጠነሰስኩት ለተማሪዎቼ ሁለት ነጥብ የሚያስገኝ ጥያቄ አድርጌው ነበር፤ ሰውየውን የሚያርቀው ኃይል ምንድን ነው የሚል። አብዛኞቹ «የመሬት ስበት» ብለዋል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ግን «ምንም ኃይል የለም። እንዲሄድ የፈለገው ደራሲው ነው» ብሎ ጽፏል።

ሁለት ከሁለት ሰጠሁት።