አዘዞ ዳገት ላይ የምትታፈነው ሞተሬ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞተሬ ስታሳቅቀኝ ከረመች። እዚህ ጎንደር፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ዳገቱ ላይ ጋዝ ሙሉውን ስሰጣት ትታፈናለች፤ እጄን ትንሽ መለስ ሳደርግ ነፍስ ትዘራለች። ፒያሳ ደርሼ ስቆም ደግሞ ሚኒሞዋ (ጋዝ ሳልሰጣት ቆማ የምትዞርበት ዙር) አልረጋ ይላል። ይወጣል፣ እዚያው ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ድርግም ብላ ትጠፋለች። በረንዳ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ያን የሚያክል ድምፅ ያለው ማርሚታ ገጥሞ ሞተር እየገፉ መሄድ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ጥፋቱ የራሴ ነው። 150 ሲሲ ናት፣ እንደተገዛች ምንም አልጎደላትም ነበር። የፊልትሮውን ሳጥን አውጥቼ ሾጣጣ ፊልትሮ የሰካሁባት እኔ ነኝ። ማርሚታዋን በክፍት የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሱም አልበቃ ብሎኝ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አፉ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) አስመጣሁ፣ የድሮው 26 ነበር። ለሰው ሳወራ ለፍጥነት ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለድምፁ ነው።

ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ ነው የቀየርኩት። እንግዲህ የትኛው እንዳበላሻት በምን ልወቅ?

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ፊልትሮና ማርሚታ ከከፈትክ ብዙ አየር ይገባል፣ ስለዚህ ዋናውን ጄት አንድ ሁለት ቁጥር አሳድግ። (ጄት ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ቤንዚኑ የሚመጠጠው በሷ ነው፣ ቁጥሯ ሲያድግ ቀዳዳዋ ይሰፋል።) 110 ነበረች፣ 115 አስገባሁ። ባሰባት። 120 አስገባሁ። ጭራሽ ጥቁር ጭስ። ካንዴላዋን (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን) ፈትቼ ሳያት የድስት ቂጥ መስላለች፣ ደረቅ ጥላሸት።

ነገሩን የገለጡልኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ከቪዲዮ ነው አልኳቸው። «ሰውዬው የት ነው ያለው?» እንጃ፣ ከኋላው ባሕር ይታያል። ሳቁብኝ። «እኛ ጋ ባሕር አለ እንዴ ልጄ?»

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ውሃ እንኳ እኛ ቤት 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ሲሆን ነው የሚፈላው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግፊት ቤንዚኑን በጄቷ ስቦ ያወጣዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። የአየሩን ክብደት የሚመዝንበት ነገር የለውም። ለመቃጠል ደግሞ ቁም ነገሩ ክብደቱ ነው፤ 1 ግራም ቤንዚን በልኩ እንዲቃጠል 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ለቆላ የተለካ ጄት እዚህ ሲመጣ ገና ምንም ሳትነካው ቤንዚን ያበዛል። ፊልትሮውን ስከፍት የገባው ትርፍ አየር ምናልባት ያቻችለው ነበር። እኔ በላዩ ላይ 120 ጨመርኩበት።

ወደ 105 አወረድኩት። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸች ወጣችው። ደስታዬ ግን እስከ ፒያሳ ነበር። ሚኒሞው እንደውም ብሶበታል፤ ጋዝ ስለቅ ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ ማርሚታው ጧ ጧ ይላል። ይሄ እኮ የተገላቢጦሹ ምልክት ነው፣ የቤንዚን ማነስ! ላይ ሲበዛ የነበረ ታች ያንሳል? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተማሮ የድሮውን ካርቡሬተር የሚመልሰው፣ እኔም አንድ ማታ ካቻቪቴዬን ይዤ ተነስቼ ነበር።

ጋዙ ከተዘጋበት እስከ ሩብ ገደማ የምትሠራው ትንሿ ጄት ናት፣ ከጎን ካለችው ማስተካከያ ቪቴ ጋር። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌዋ፣ ጋዝ ሲሰጥ ከፍ እያለች ለቤንዚኑ መንገድ የምትከፍተው። ከዚያ በላይ ዋናዋ ጄት። ድንበራቸው ይደራረባል። እናም የጋዙ እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብዬ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ ግን «አንዳንዴ ትታፈናለች» ማለትና «ከሦስት ሩብ በላይ ትታፈናለች» ማለት ሰማይና ምድር ነው።

ቪቴዋን ባዞራት ምንም። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፣ ዝም። (በፊልትሮው በኩል ያለች ቪቴ አየር ነው የምትቆጣጠረው፣ ስታጠብቋት ቤንዚን ይበዛል፤ በሞተሩ በኩል ያለችው ግን ቤንዚኑን ነው፣ ስታጠብቋት ያንሳል። ይህን ሳይለይ የሚያዞር ስንት አለ!) ቪቴዋ አልሰማ ካለች ወይ ትንሿ ጄት ተደፍናለች፣ ወይ አየር በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው። ጄቷን አውጥቼ ወደ ፀሐይ አየሁባት። ጥርት ብላለች።

ሽማግሌው ሲሪንጅ ውሃ ሞሉና ሞተሩ እየሠራ በካርቡሬተሩና በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) መሃል ባለው ጎማ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረጉ። በታች በኩል ውሃው ሲነካው ድምፁ ወዲያው ተቀየረ። የ30ው አፍ ለ26 ከተሠራው ጎማ ጋር አልገጥም ሲለኝ እኔ በማሰሪያ አንቄ አስገብቼው ነበር፣ ሰንጥቄዋለሁ። በዚያ የሚሾልከውን አየር ካርቡሬተሩ አያየውም፣ ስለዚህ ቤንዚን አይጨምርለትም። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ያቺ ስንጥቅ ትልቅ ናት፤ ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ግን ከቁጥር አትገባም። አንዷ ሞተር ሁለት ተቃራኒ በሽታ ይዛ ነው ስታሞኘኝ የከረመችው።

ጎማው በልኩ ተቀየረ። ቪቴዋም ሰማች፣ አንድ ዙር ተኩል ላይ ረጋች። መርፌዋን የምትይዘውን ቅንጥብ አንድ ጎድጎድ ወደ ላይ ሳወጣት፣ ማለትም መርፌዋ ዝቅ ስትል፣ መሃል ላይ የነበረው መንተፋተፍ ጠፋ። ባይ ዘ ዌይ፣ ቤንዚን በሃይላንድ የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት የካርቡሬተሩን ሆድ አራግፉ፤ እኔ ማንኪያ የሚሞላ ውሃ አግኝቼበታለሁ።

ለማረጋገጥ ዳገቱ ላይ ጋዝ ሙሉ ሰጥቼ ቆየሁ፣ ፍሪሲዮን ይዤ እዚያው አጠፋኋት፣ ዳር ቆሜ ካንዴላ ፈታሁ። በጓንት፣ ያቃጥላል። ልጆች ከበቡኝ። «ጋሼ፣ ተበላሸች እንዴ?» አልተበላሸችም፣ ካንዴላዋ ቆሎ መስላለች፣ ቤንዚኑ ልክ ነው ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ በቆላ ድባ አድርጌ ጎርጎራ ወረድኩ። ጣና ዳርም ቢሆን 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ምንም አላለችም። መተማ ብወርድ ግን 105ን አላምናትም፤ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ፒስቶን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ደባርቅ ስወጣ ግልባጩ ነው። ስለዚህ 100ና 110 በክብሪት ቀፎ ከመቀመጫው ሥር ተቀምጠዋል። 115ንና 120ን ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ካለ በነፃ ይውሰዳቸው።