የእህቴ ልጅ ትልቅ ጎማ ሊያስገጥም ነው

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፣ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዝቷል፣ ከደላንታ ምስር እየጫነ ደሴ ሊያመላልስበት ነው፣ አላህ ይባርክለት። ከዛ "ጋሼ ጎማውን ከነቸርኬው ልቀይረው ነው፣ 285/70 የሚሉትን ላስገባ፣ ከፍ ይልልኛል ጭነትም ይችላል" አለኝ። "አብሽር፣ ብሩን ግን እስክንገናኝ አትክፈል" አልኩትና በስልክ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጻፈው አልኩ፣ እኔም ከአራት አመት በፊት ይቺኑ አድርጌያት ነበርና።

ቁጥሩን እንየው እስቲ። መኪናው ላይ ያለው 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 ፐርሰንት ነው፣ አር ራዲያል፣ 17 የቸርኬው ኢንች። ስታሰሉት ቁመቱ በሙሉ 776 ሚሊ ገደማ ይመጣል፣ 285/70 አር 17 ደግሞ 831። ልዩነቱ 55 ሚሊ ነው ግን መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ግማሹ ብቻ ነው፣ 27 ሚሊ፣ ሁለት ጣት እንኳን አይሞላም።

ለዛች ሁለት ጣት የሚከፈለው ግን ብዙ ነው። ጎማው በ7 ፐርሰንት ሲያድግ ማርሹ ሁሉ በ7 ፐርሰንት ረዘመ ማለት ነው፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በማርሽ የሚይዘው ይላላል፣ ጎማውም ቸርኬውም ስለሚከብድ ፍሬኑ የባሰ ይለፋል። ቆጣሪውም ይሳሳታል፣ 60 እያለህ አንተ 64 እየሄድክ ነው። ሜዳ አገር ቢሆን ይቻል ነበር፣ የኛ አገር ግን ደሴ 2500 ሜትር ላይ ተቀምጣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ናት፣ ይሄን ሁሉ በ25 ኪሎሜትር ነው የምትወርደው፣ የሱ መንገድ ደግሞ የበሽሎን ወንዝ ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት።

እኔ ያኔ 10 ኩንታል ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ፣ ሁሌ በሁለተኛ ቀጥ አድርጎ የሚይዝልኝ መኪና ይገፋኝ ጀመር፣ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ቆሜ ወረድኩ፣ ኮምቦልቻ መግቢያ ስደርስ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል፣ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ትንሿ ልጄ ከጎኔ ነበረች። ዛሬም ያቺን ቀን ሳስባት እጄ ያልበኛል።

በዛ ላይ ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ አይነት ነበር፣ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ክብደቱ ከሞዞው፣ ቸርኬው ከሚታሰርበት፣ ርቆ ስለሚያርፍ ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ በአመት ሁለቴ ቀየርኩ። መሪውን ጥምዝዝ ሳደርገው ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካ ነበር።

ጭነት የሚችለው ጎማ ትልቁ አይደለም። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈችውን ቁጥር እዩ፣ እሷ ናት ዋናዋ። 112 ካለ አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል፣ 120 ካለ 1400፣ ያው 265/65 አር 17 በሁለቱም ይመጣል። ምስር ሲጫን ክብደቱ አብዛኛው ኋላ ሁለቱ ላይ ስለሚወድቅ እኔ ባለ 120ውን፣ ኤል ቲ የሚባለውን የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው የምመክረው፣ ግን እሱ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ተጨማሪ አየር ይፈልጋል፣ ለስላሳ አድርጋችሁ ከነዳችሁት ጎኑ እየሞቀ ይፈነዳል። ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ አየሩ በሙቀት ጨመረ ብላችሁ አታስተንፍሱት፣ ጎማ የሚለካው ጠዋት ሳይሞቅ ነው።

ቸርኬ መቀየር ካማረው ደግሞ ወደ ታች ይቀይር እላለሁ። 265/70 አር 16 ቁመቱ 777 ሚሊ ነው፣ ከነበረው ጋር እኩል፣ ማርሹም ቆጣሪውም አይነካም፣ ጎኑ ግን በ13 ሚሊ ስለሚረዝም ድንጋይ ላይ ቸርኬው ቶሎ አይጎዳም። ብቻ የፊት ፍሬኑን ሳይነካ ማለፉን ገጥሞ ማየት ነው። ላንድክሩዘር ፒካፑ እኮ በዛ በቀጭኑ 7.50 አር 16 ነው ስንት ገጠር የገባው፣ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ታች ጠንካራውን ይረግጣል። የደላንታ ዋልካ በክረምት ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ ላይ ይሞላና እንደ ሳሙና ያደርገዋል፣ ስለዚህ ጥርሱ ራቅ ያለ ኤ ቲ፣ ለሁሉም መንገድ የሚሆነው፣ ይበቃዋል፣ ኤም ቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል ቶሎም ያልቃል።

ስትገዙ ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ብዙ አለ።

ቅዳሜ ደሴ ሲመጣ ጎሚስታው ጋ አብረን እንሄዳለን። ትልቁን አልተውም ካለ ግን አራት ሳይሆን አምስት እንድንገዛ ነው የማስበው፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ያው ሳይዝ ካልሆነ ዋልካ መሀል ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት አይችልም፣ ዲፈረንሻሉን ይበላበታል።