ዕቃው ሳይገባ የተቆረጠ ሞዴል 19

ሰኔ ሲገባ የድሬ ሙቀት ያው የምታውቁት ነው። ከዚራ ዛፍ ሥር እንኳ አየር ያጥራል። ለእኔ ግን ሰኔ ማለት ስልክ ነው። "ሞዴል 19 ቁረጪልን፣ ዕቃው ነገ ይገባል" የሚል ስልክ።

ግምጃ ቤት 17 ዓመት ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጽፍም። ነገሩን ግን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ዘንድሮም ለአንዷ ወጣት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይህ ስልክ እንደሚደወልላት አውቃለሁ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሞዴል 19 ዕቃ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። "ይህን ያህል ዕቃ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ" ብዬ የምፈርምበት ወረቀት። ፋይናንስ ለነጋዴው የሚከፍለው እሱን አይቶ ነው። በጀቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ይሯሯጣል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 60 ወንበር ተገዛ። በአይሱዙ የመጣው 42 ነው። ቀሪው "መንገድ ላይ ነው" ተባለ። አለቃዬ መጣ። ሳቢያን ሰፈር ጎረቤታችን ነበር፣ እናቴ ቤት ቡና የሚጠጣ ሰው። "አንቺ፣ በጀቱ ሊመለስ እኮ ነው። እንተማመናለን አይደል?" አለኝ። 60 ብዬ ፈረምኩ።

ነጋዴው ሙሉውን ተከፈለው። 18ቱ ወንበር እስከ ዛሬ አልመጣም። ሐምሌ ላይ ቆጠራ ሲደረግ ቢን ካርዴ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ የምመዘግብበት ካርድ፣ 60 ይላል፣ ወለሉ ላይ ያለው 42 ነው። አለቃዬ በዚያው ሰሞን ተዛውሮ ሄዷል። ጉድለቱ በስሜ ወጣ። 14 ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ሲባል ሰው ይስቃል። እኔ ያ 14 ወር ነው ትዝ የሚለኝ። የበላው ሌላ፣ የከፈልኩት እኔ።

ግን ንጹሕ ነበርኩ አልልም። ሳንቲም አልወሰድኩም፣ ሐሰተኛ ሰነድ ግን በእጄ ጽፌያለሁ። በ2007 የወጣውን የሙስና ወንጀሎች አዋጅ፣ ቁጥር 881ን፣ በኋላ ሳነብ ሙስና ጉቦ መቀበል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የመንግሥት ሰነድ ወደ ሐሰት መለወጥም እዚያው ውስጥ አለ። እኔ ውለታ ነው ብዬ ነበር።

12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ኮሪደራችን ላይ በፍሬም ተሰቅለው ነበር። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይወርዳል። ሥልጠናም ወስጃለሁ፣ ፈርሜያለሁ። መርሆዎቹን እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ግን "ታማኝነት" የሚለው ቃል ለማን እንደሆነ አልነገረኝም። ለአለቃዬ የታመንኩ መስሎኝ ነው የፈረምኩት።

በተለይ እዚህ ድሬ ከባድ ነው። እኛ ሽማግሌውንም ኃላፊውንም አንተ ነው የምንለው። አንቱታ አናውቅም። ሰው ይህን ሲያይ እምቢ ማለትም ቀላል ይመስለዋል። የለም! ሰው ሲቀርብህ እምቢታው ይብሳል። አለቃው ነገ ለቅሶ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል። ከፊራ ገበያ ከሚስቱ ጋር ትገናኛለህ። ለዚህ ነው ወረቀቱን የምወደው። "እኔ አይደለሁም፣ አሠራሩ አይፈቅድም" ማለት ያስችላል። ጉርብትናውም ይተርፋል።

እኔን በኋላ የጠበቀኝ ሥራው በተለያዩ ሰዎች እጅ መከፋፈሉ ነው። ዕቃ ጠያቂው የመጠየቂያውን ቅጽ፣ ሞዴል 20ን፣ ይሞላል። ኃላፊው ያጸድቃል። እኔ በወጪ ደረሰኙ፣ በሞዴል 22፣ ዕቃውን ወጪ አደርጋለሁ። ቢን ካርድ እኔ ጋ ነው፣ ያንኑ ዕቃ ለብቻው የሚመዘግበው ስቶክ ካርድ ደግሞ ንብረት ሒሳብ ክፍል ጋ። ሁለቱ ካርዶች በየጊዜው ከተመሳከሩ አንድ ቁጥር ሲጎድል የሚጠይቅ ሰው አለ። ችግሩ የሚጀምረው "አንቺ ብዙ ሥራ አለብሽ፣ ያንቺንም እኔ ልያዝልሽ" ሲባል ነው። በደግነት ይባላል፣ አውቃለሁ። አንድ ሰው ጠይቆ፣ አጽድቆ፣ አውጥቶ፣ መዝግቦ ሲያበቃ ግን ማን ያየዋል?

ዓመት ፈቃድም እንደዚያው። ፈቃድ የማይወጣ ሠራተኛ ይመሰገናል። እኔ በየዓመቱ እወጣለሁ፣ ቁልፉን ቆጥሬ አስረክቤ። በሌላ ሰው ዓይን ያልታየ ግምጃ ቤት ያስፈራኛል።

ጥቆማ የሚሰጥን ሰው የሚጠብቅ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003። ጥሩ ነው። ነገር ግን 30 ሰው ባለበት ቢሮ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ኮሪደር ላይ የተሰቀለ የጥቆማ ሣጥን፣ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ከሆነ፣ ማንም አይጥልበትም። ቁልፉ ከግቢው ውጭ ይሁን።

አምና ሰኔ 27 ማታ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ሥራ ያለማመድኳት ናት፣ አሁን ሌላ ቦታ ግምጃ ቤት ይዛለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

"መኪናው በር ላይ ነው። 50 ኮምፒውተር ነው የተገዛው። ግማሹ ነው የመጣው። ሙሉውን ቁረጪ ይሉኛል።"

"ቆጥረሽዋል?"

"አልቆጠርኩም።"

"ካርቶኑን ክፈቺና ቁጠሪ። የገባውን ብቻ ቁረጪ። ቀሪው ሲመጣ ሌላ ሞዴል 19 ትቆርጫለሽ።"

"አለቃዬ ይቀየመኛል።"

"ይቀየም። ነገ ቡና አፍዪለት። ዛሬ ግን ቁጠሪ።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሞዴሉ ላይ በአኃዝ 31 ይላል። ቀጥሎ ማንም እንዳይቀጥልበት፣ እንዳስተማርኳት፣ በፊደል "ሠላሳ አንድ ብቻ" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ፊርማዋ አለ።