የጠመቃ ጋኖቼን እንጨት ያለበስኩት እንዲህ ነው

ቤት ውስጥ ቢራ የምጠምቀው በሦስት የማይዝግ ብረት ጋኖች ነው። አንዱ ውሃ ያሞቃል። ሁለተኛው የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍበት ነው። ሦስተኛው ተጣርቶ የወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለቢራ ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው ሆፕስ ከሚባል አበባ ጋር ያፈላል። የሚያስቸግረኝ መሀለኛው ነበር። ብቅሉ ለአንድ ሰዓት ያህል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት መቆየት አለበት። በዚህ ሰዓት ነው የብቅሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት። ሙቀቱ ዝቅ ሲል እርሾ በቀላሉ የሚበላው ስኳር ይበዛል፤ ቢራው ቀጠን ይላል። ከፍ ሲል ደግሞ ወፈር ይላል። ባዶ ብረት ሙቀት ስለማያቆይ የጀመርኩበትና የጨረስኩበት ዲግሪ ሁሌም ይለያዩ ነበር።

እንጨት የማልበሱን ሐሳብ ያገኘሁት ከድሮ ጠማቂዎች ነው። የብረት ጋኖቻቸውን ዙሪያውን በሳንቃ ይሸፍኑ ነበር። ያምራል። ማማሩን ደግሞ አልንቀውም። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የምውለው ዕቃ ስለሆነ ዓይን ሲስብ ደስ ይለኛል።

ሥራው ውስጥ ስገባ ግን ቀድሞ የገባኝ ነገር ሙቀቱን በዋናነት የሚይዘው እንጨቱ አለመሆኑ ነው። እርግጥ ማይዝግ ብረት ከእንጨት መቶ እጥፍ ገደማ ሙቀት ያሳልፋል። ከብረት ጋር ካነጻጸርነው እንጨት በጣም ጥሩ ነው። ለሙቀት መከላከያ ከሚሠራ ስፖንጅ ጋር ስናነጻጽረው ግን ይሸነፋል። 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ የሚሠራውን ሥራ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥሩ ስፖንጅ ይሠራዋል። ስለዚህ ከብረቱ ቀጥሎ 1 ሴንቲ ሜትር የጎማ ስፖንጅ ጠቀለልኩበት፤ እንጨቱ ከዚያ በላይ መጣ። እንጨቱ ስፖንጁን ይጠብቃል፣ እጅን ከትኩስ ብረት ይከላከላል፣ ውበትም ይሰጣል።

ስፖንጅ ሲመረጥ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው የሙቀት አቅሙ ነው። አንዳንዱ ስፖንጅ ገና ወደ መፍላት ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ይሟሽሻል። አምራቹ የጻፈውን ገደብ ማየት ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ውሃ አለመምጠጡ ነው። ጠመቃ ውሃ የሚረጭበት ሥራ ነው። የረጠበ ሙቀት መከላከያ ደግሞ ሙቀት አይከላከልም፤ ሻጋታ ነው የሚያፈራው።

አሁን ወደ ልኩ። የጋኔ ዲያሜትር 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ስፖንጁ በሁለቱም በኩል ሲደመር 42 ይሆናል። ዙሪያውን በ24 ሳንቃዎች ለመሸፈን ወሰንኩ። 360ን ለ24 ስናካፍል 15 ይመጣል። ይህ በሁለት ሳንቃዎች መካከል ያለው መታጠፊያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርዝ ግማሹን ማለትም 7.5 ዲግሪ ተጋድሞ ይቆረጣል። የሳንቃው ስፋት በውስጥ በኩል 5.5፣ በውጭ በኩል 5.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ። ሳንቃው ሲበዛ ክቡ ክብ ይመስላል፤ ሲያንስ ማዕዘኑ ይታያል። ከ20 በታች ባለው ቁጥር ማዕዘኑ ለኔ ዓይን ይበዛል።

የማዕዘኑ ነገር ቀልድ አያውቅም። በአንድ ጠርዝ ላይ ግማሽ ዲግሪ ማለት ምንም ይመስላል። ግን 24 ሳንቃ 48 ጠርዝ አለው። ግማሽ ዲግሪ በ48 ሲባዛ 24 ዲግሪ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ክቡ አይገጥምም ወይም ባንድ በኩል ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ ጥሩውን እንጨት ከመንካቴ በፊት ከቁርጥራጭ ጣውላ ስድስት አጫጭር ናሙናዎች ቆርጬ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። ስድስቱ የክቡ ሩብ ናቸው፤ ትክክለኛ 90 ዲግሪ መስጠት አለባቸው። በስኳድራ ይለካል። መጋዙ ላይ ያለው የዲግሪ ቁጥር ግምት ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ይህ ናሙና ነው።

ስለ እንጨት ምርጫ አጭር ልሁን። ሙጫ ያለበት እንጨት፣ በተለይ ጉጥ ካለው፣ ሲሞቅ ያለቅሳል። የሚያጣብቅ ጠብታ ከሳንቃው ላይ ይወርዳል። ኦክ ጠንካራና ቆንጆ ነው፤ ግን ውስጡ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ታኒን ከተራ ብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር እድፍ ይተዋል። ስለዚህ ከኦክ ጋር ብሎኑም ሳንቃዎቹን የሚይዘው ቀበቶም የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ መሆን አለበት። እኔ ሴዳር መረጥኩ። ቀላል ነው፣ እርጥበትን ይቋቋማል፣ ሲሞቅ ደግሞ ደስ የሚል ሽታ አለው። ምንም ዓይነት እንጨት ይሁን ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ ከመቁረጡ በፊትም ሥራው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው።

ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ሳንቃዎቹ እንዴት እንደሚያያዙ ማሰቡ ነው። ዓይን ዝም ብሎ ሲያየው መልሱ ኮላ ይመስላል። አጣብቀው፣ ክብ አድርገው፣ አበቃ። ግን እንጨት ይንቀሳቀሳል። በርዝመቱ አይደለም፤ በስፋቱ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ከዙሪያው አንድ በመቶ ብቻ ቢጠብ እንኳ 141 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሥር የማይጠብ ጋን ተቀምጧል። ስለዚህ የተጣበቀው ክብ የሆነ ቦታ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። በዚያ ላይ አንድ ወገኑ ሁሌ ሙቅ ነው፣ ሌላው ቀዝቃዛ።

ኮላውን ተውኩት። እያንዳንዱን ሳንቃ በሦስት የማይዝግ ብረት ቀበቶዎች ላይ አሰርኩ። በእያንዳንዱ ቀበቶ ላይ አንድ ብሎን ብቻ፣ እሱም ሳንቃው መሀል ላይ። ሁለት ብሎን ጎን ለጎን ከተደረገ እንጨቱ መንቀሳቀሻ ያጣና ይሰነጠቃል። በመሀሉ ብቻ ከተያዘ ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይተነፍሳል። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ተውኩ። ከሩቅ አይታይም። የብሎኑን ቀዳዳ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ መክፈት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጫፍ አካባቢ ያለው ይተረተራል።

ሁለተኛው ውሳኔ ልብሱ በቀላሉ እንዲወልቅ ማድረግ ነው። ይህን ከሁሉም በላይ አስበልጣለሁ። ጋን ይታጠባል፣ ቫልቭ ይፈታል፣ ማሸጊያ ጎማ ይቀየራል፣ ውስጥ የገባ እርጥበት መታየት አለበት። ስለዚህ ክቡን ለሁለት ከፈልኩት፤ 12 ሳንቃ በአንድ ወገን፣ 12 በሌላው። ሁለቱ ግማሾች የሚዘጉት ሻንጣ ላይ እንዳለው ባለ መቆለፊያ ነው። መገጣጠሚያውን የት ላድርገው የሚለውን ቶሎ መወሰን ይጠቅማል። ቫልቩና ቴርሞሜትሩ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ስለሆኑ መገጣጠሚያውን በነሱ ላይ አሳለፍኩት። የቀዳዳው ግማሽ በዚህኛው፣ ግማሹ በዚያኛው ወገን ይወድቃል። ልብሱን ለማውለቅ ቫልቩን መንካት አያስፈልግም።

ቀዳዳዎቹን ከቫልቩ አንገት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ አድርጌያቸዋለሁ። የቫልቩ ጎማና ማጥበቂያ ብረቱን ብቻ ነው መያዝ ያለባቸው። እንጨቱን ወይም ስፖንጁን አብረው ከጨበጡት፣ እንጨቱ በጠበበ ቁጥር ማጥበቂያው ይላላል። ከዚያ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ የሚንጠባጠበው ደግሞ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ነው። ስኳርና እንጨት ተገናኝተው የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ከታችም እንጨቱ መሬት አይነካም። ከጋኑ መቀመጫ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልቃል። ሳንቃ ውሃ የሚጠጣው በዋናነት በተቆረጠው ጫፉ ስለሆነ፣ ጫፎቹን ከሌላው ቦታ በላይ ደጋግሜ ዘይት አጠጣሁ። ለመላው ሥራ የተጠቀምኩት የተልባ ዘይት ነው። በውጭም በውስጥም እኩል መቀባት አለበት፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ሁለቱ ፊቶች እኩል እርጥበት ስለማይወስዱ ሳንቃው ይጣመማል። አንድ ነገር ግን በጣም ላስጠንቅቅ። የተልባ ዘይት የተቀባበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ይሞቅና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

ማፍሊያውን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ነው። ጋኑ በጋዝ ነበልባል የሚሞቅ ከሆነ እንጨት አይለብስም። ነበልባሉ ከሥር ብቻ አይቀርም፣ በጎን ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ሲጋገር የኖረ እንጨት ደግሞ ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። የኔ ማፍሊያ ውስጡ ባለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ አለበስኩት። ሆኖም ገመዱ የሚገባበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ክፍት ተውኩት፤ ሲሞቅ ወይም ሲረጥብ ቶሎ እንዲታየኝ እፈልጋለሁ። ጋኑ ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት፤ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። በላይ በኩል ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ብረት ቀርቷል። ፈሳሹ ገንፍሎ ሲወርድ ሳንቃው ጀርባ ሳይገባ አያለሁ፣ እጠርገዋለሁ።

ውጤቱስ? ብቅል መዘፍዘፊያው በሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ዲግሪ ይጥል ነበር። አሁን አንድ ዲግሪም አይሞላም። ግን ሁሉንም ለሳንቃው አልሰጥም። ክዳኑ ላይም ስፖንጅ ለጥፌያለሁ። ሙቀት በላይ በኩል ብዙ ይወጣል፤ ሰው ጎኑን እያሳመረ ክዳኑን ይረሳል። አቅም ወይም ጊዜ ያጠረው ሰው ከክዳኑ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከጠመቃ በኋላ ሁለቱን ግማሾች አውልቄ አየር በሚያገኙበት ቦታ አቆማቸዋለሁ። ጋኑን የማጥበው እነሱ ከራቁ በኋላ ነው፤ የጠመቃ ዕቃ ማጽጃዎች አብዛኞቹ አልካሊ ናቸው፣ እንጨት ላይ ሲያርፉ ያጠቁሩታል። አልፎ አልፎ ሳንቃው ላይ የውሃ ጠብታ አኖራለሁ። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ዘይቱ አለ። ወደ ውስጥ ከሰረገ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጌ እንደገና እቀባዋለሁ።