ጸሎታችን እንዳይከለከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ አንብቦ ፈቅዶልኝ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የስኳር ሕመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ለልጆቹ ሟች ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የእኔን ቃል ከቃል አይቆጥረውም ነበር። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?» በእንግዳ ፊት፣ በልጆቼ ፊት፣ በእናቴ ፊት። ዱላ አንስቶብኝ አያውቅም፣ ይቺ ቃል ግን አድቅቃኛለች። ስንት ዓመት አልቅሼ ጸለይኩ። አንድ ቀን የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ «ልጅሽ ለሁሉ ጆሮ አለው፣ ለእኔ ሲሆን ነው የማይሰማው?» ብያለሁ። ውዳሴ ማርያሜንም ዘግቼ አስቀመጥኩት።

የፍልሰታ ጾም ገባ። «ንስሐ አባታችንን አማክር፣ መርፌ እየተወጋህ እንዴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለህ?» አልኩት። «ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» አለኝ። ያን ቀን አስቀድሶ መጣ፣ ማታ መርፌውን ተወጋ፣ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ተኛ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነቃሁ። አንሶላው በላብ ርሷል። ስጠራው ያጉረመርማል፤ ዐይኑ ተከፍቷል ግን አያየኝም። መብራት የለም፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። በስልኬ ብርሃን ስኳር በጥብጬ ወደ አፉ አስጠጋሁ፤ ጥርሱን ነክሷል። ያኔ ነርሷ በቀጠሯችን ቀን ያለችው ትዝ አለኝ፦ ራሱን ካላወቀ አፉ ውስጥ ምንም እንዳታፈሱ፣ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። የነገረችን ለሁለታችን ነበር፤ እሱ ስልኩን ሲነካካ እኔ ሰምቻለሁ። ኩባያውን ጥዬ በባዶ እግሬ ወጣሁና የጎረቤት በር ደበደብኩ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት! ሰአሊ ለነ!» ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ መጥተው ልጆቼን ያዙልኝ፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። የግቢው ጥበቃና ሁለት ጎረምሶች በብርድ ልብስ ተሸክመው በጨለማ ደረጃውን አወረዱት። ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ሳንጠይቀው ሞተር አስነስቶ ጠበቀን፣ የነዳጅ እንኳ አልተቀበለኝም። መንገዱ አላልቅ አለኝ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ «ታዲያ ተኝተህ ነው እንዴ?» እላለሁ። ሁለቱንም ብያለሁ።

ስኳሩ ሲለካ 28 ሆነ። ነርሷ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው ብላን ነበር። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጡት። ጥቂት ቆይቶ አየኝ፣ ስሜን ጠራኝ። ተመስገን! ሐኪሙ «አፉ ውስጥ ያፈሰሳችሁት ነገር አለ?» አለ። «ምንም» አልኩ። «ጎበዝ፣ ባልሽን አትርፈሻል» ሲለኝ ባለቤቴ ይሰማ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ንስሐ አባታችንን ያስጠራቸው እሱ ራሱ ነው። ጾሙን አቃለሉለት። ከዚያ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7ን አነበቡለት፤ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ያዝዝና «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። «ልጄ፣ እሷን እየናቅህ የምትጸልየው ወዴት ይደርሳል?» አሉት። እኔ ደስ ሊለኝ ሲጀምር ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ዛሬ እጅሽ ላይ ወድቋል፤ በዚህች ሌሊት እንዳታዋርጂው» አሉኝ። ነሐሴ 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ስዕለቴን አብረን አስገባን።

ከዚያ ወራት አለፉ። እሱ «አንቺ ደግሞ» ብሎ ጀምሮ አፉን የሚይዝበት፣ እኔም ያቺን ሌሊት ላነሳበት ምላሴ ላይ ደርሳ የምውጥበት ቀን ብዙ ነበር። ባለፈው ቀጠሮ ነርሷ ስለ መድኃኒቱ መጠን ልታስረዳው ስትል «ቆይ፣ ባለቤቴ ትግባ፣ ያለ እሷ አልወስንም» አላት። እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ ሰማሁት። ይህን ነበር ስንት ዓመት የለመንኩት።

ወለተ ማርያምና ኃይለ ሚካኤል ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡን።