ጥርሴን ያመኛል የሚለውን ሰው ፍለጋ

እናቴ ትናንት ማታ ደወለችና «ልጄ፣ ግን ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሰው ጉግል ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ የደንበኞቻችን ገጽ ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች።

«ታዲያ ደመወዝህን ጉግል ነው የሚከፍልህ?»

«አይ እማዬ።»

«ያውቅሃል?»

«አያውቀኝም።»

«ታዲያ ምን ብሎ እሺ ይልሃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ አደረ። ወደዚህ ሥራ፣ ኤስኢኦ ወደሚሉት፣ ከገባሁ ስድስት ወር ሞላኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ስጀምር ሥራው ጉግልን መሸወድ ነበር የመሰለኝ። የሆነ ሚስጥር አለ፣ የሚያውቁት ያውቁታል፣ እኔም ስደርስበት አበቃ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቪዲዮ በማየት ጨረስኩት። አንዱ ሊንክ ሰብስብ ይላል። ሌላው ሊንክ እንዳትነካ ይላል። ሦስተኛው በየመቶው ቃል ቁልፍ ቃሉን ስንት ጊዜ እንደምደግም ስሌት ሠርቶ ያሳያል። ደብተሬ ሞላ፣ እኔ ግን ይብሱኑ ግራ ገባኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ደንበኛን 40 ገጾች አንድ በአንድ ከፍቼ «ሜታ ኪወርድስ» የምትባለውን፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት የሚጻፉባትን ቦታ በቃላት ጠቀጠቅኳት። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ሲመሽ ደረቴን ነፍቼ አጠገቤ ለምትቀመጠው ባልደረባዬ አሳየኋት። በሥራው ስምንት ዓመት ቆይታለች። ዓይኗን ከስክሪኗ ሳታነሳ፣ «ጎበዝ። ጉግል እኮ ለደረጃ አልጠቀምባትም ካለ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተናገረው» አለችኝ።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት መች ጠየቅከኝ?»

ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን ትቼ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። የላሪ ፔጅና የሰርጌ ብሪን የመነሻ ሐሳብ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ለሌላው ሊንክ ሲሰጥ እንደ ምስክርነት ይቆጠር፤ ብዙዎች የመሰከሩለት ገጽ ምስክርነት ደግሞ ይበልጥ ይመዝን። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያ ሆነ። ምስክርነት ዋጋ ሲያወጣ ግን የሐሰት ምስክር መምጣቱ አይቀርም። ሊንክ ተሸጠ፣ ተገዛ፣ በጅምላ ተመረተ። ጉግልም በ2011 ፓንዳ የተባለውን ለውጥ አምጥቶ ፍሬ ቢስ ገጾችን መታ። በ2012 ደግሞ ፔንግዊን በተገዛ ሊንክ የወጡትን ቁልቁል ሰደዳቸው። እኔ በጉጉት ደብተሬ ላይ የገለበጥኩት ብልሃት ሁሉ ከአሥር ዓመት በፊት የተቀበረ ነበር። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ለቅሶ አልደረሰም መሰለኝ።

ነገሩ የገባኝ ግን በንባብ አይደለም፤ በአንድ የጥርስ ሕክምና ገጽ ነው። ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «የጥርስ ስሜታዊነት፦ መንስኤዎቹና መፍትሔዎቹ»። ያምራል። ሐኪሙም ወዶታል። ሁለት ወር ሙሉ ግን ዝር የሚል ሰው ጠፋ። ባልደረባዬ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ «ጥርስህን አሞህ ያውቃል?» አለችኝ።

«በደንብ ነዋ።»

«ያኔ 'የጥርስ ስሜታዊነት ያዘኝ' አልክ?»

«ኧረ፣ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ያመኛል ነው ያልኩት።»

«እሱን ጻፋ!»

አብረን ሰርች ኮንሶልን ከፈትን። ጉግል ራሱ በነፃ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጽህ እንደታየ፣ ስንቱ እንደነካው፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደወጣ ያሳያል፤ የ16 ወር መረጃ ይይዛል። እስከዚያ ቀን ድረስ የማየው ግራፉን ብቻ ነበር። እሷ ግን ግራፉን አልፋ ወደ ታች፣ ሰዎች የጻፏቸው ቃላት ወደተደረደሩበት ወረደች። «ውሃ ስጠጣ ጥርሴን ያመኛል»። «ጥርስ ሲበርደው ምን ይደረጋል»። «ጣፋጭ ስበላ ጥርሴ ለምን»፤ ይሄኛው ሳይጨርሰው ነው የላከው፣ ምናልባት አሞት። አንዱ «የጥርስ ሐኪም» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «የጥርስ ሀኪም»። ሁለቱ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ፊደል ስንቆጥር ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ ተብሎ ተነግሮናል። ጥርሱን የያዘ ሰው ግን ጣቱ የደረሰበትን ነው የሚጫነው።

እነዚህ ሰዎች ገጻችንን አይተውታል፤ አማካይ ቦታው 14 ነበር። እዚያ ድረስ ወርዶ ያየው ጥቂት ሰው ርዕሱን አነበበና አለፈው። ለምን እንዳለፈው አሁን ግልጽ ነው። እሱ የጠየቀው ስለ ሕመሙ ነው፣ እኔ የመለስኩለት በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ነው።

ርዕሱን «ቀዝቃዛ ነገር ስንጠጣ ጥርሳችንን ለምን ያመናል?» አልነው። አምስት አንቀጽ ከሥር ተደብቆ የነበረውን መልስ ወደ ላይ አመጣነው፤ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ሲሳሳ ወይም ድድ ሸሽቶ ሥሩ ሲገለጥ ቅዝቃዜው ወደ ነርቩ ይደርሳል። ሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር አረመልንና መለሰው። «ስሜታዊነት» የሚለውን ቃል አልጣልነውም፤ ለሚያውቀው ሰው ከሥር አለ።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን። ሳልጽፈው ላልፍ ነበር፣ ግን ማስታወሻው የራሴ ነው።

በአራተኛው ወር የሌላ ደንበኛ ድረ ገጽ እንደ አዲስ ተሠራ። ገና በሙከራ ላይ ሳለ ጉግል እንዳይመዘግበው በየገጹ ላይ ኖኢንዴክስ የሚል ትእዛዝ ገብቶ ነበር። ትክክል ነው፣ እንዲህ ነው የሚደረገው። ድረ ገጹ ሲወጣ ትእዛዙን ማንሳት የእኔ ፋንታ ነበር። ረሳሁት። ግራፉ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ጽሑፉን ጠረጠርኩ፣ ፍጥነቱን ጠረጠርኩ፣ ጉግልን ረገምኩ። ራሴን ብቻ ነው ያልጠረጠርኩት። በ11ኛው ቀን የገጹን ኮድ ከፍቼ ቃሉን ስፈልገው ብልጭ አለ። አንዲት መስመር። ክው አልኩ።

«ለደንበኛው ራስህ ንገረው» አለችኝ ባልደረባዬ። ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «መቼ ይመለሳል?» ብቻ አለ። ቀኑን ልነግረው አልቻልኩም። ጉግል ራሱ ለውጥ እስኪታይ ከሰዓታት እስከ ወራት ሊፈጅ ይችላል ነው የሚለው።

በዚያው ድንጋጤ ውስጥ ሌላ ነገር ተማርኩ። ሮቦትስ የሚባለው ፋይልና ኖኢንዴክስ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ሮቦትስ ፋይሉ ጉግልን «አትግባ» ይላል። ኖኢንዴክስ ደግሞ «ግባ፣ ግን አትመዝግበኝ» ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ካደረግክ በሩን ቆልፈህ ጓዳ ውስጥ የለጠፍኩትን ወረቀት አንብብ እንደማለት ነው። ስለማይገባ አያነበውም። ከውጭ ሊንክ ካገኘ ደግሞ የገጹን አድራሻ ሊያወጣው ይችላል።

የጠፉት ጎብኚዎች ተመልሰዋል፣ ቀስ እያሉ። አሁን ማንኛውም ድረ ገጽ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ያቺን መስመር ነው። ሲነጋም አየዋለሁ። ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም።

ጓደኞቼ ደግሞ «ኤአይ መልሱን ከላይ ይሰጥ የለ እንዴ፣ የናንተ ሥራ አላለቀም?» ይሉኛል። ክሊክ የሚቀንስበት ገጽ አለ፣ አልክድም። ግን ኤአይም ቢሆን መልሱን የሆነ ቦታ ማግኘት አለበት። ለዛሬ ከዚህ በላይ አልጨነቅም።

ዛሬ ጠዋት የጥርሱን ገጽ አየሁት። ከ14 ወደ 8 መጥቷል። አንደኛ አይደለም፤ አንደኛ አወጣሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ ጉግልም ራሱ ሽሽ ይላል። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ቃላቱ። አዲስ መስመር ገብቷል፦ «ጥርሴን ሌሊት ብቻ ነው የሚያመኝ»።

ገጻችን ላይ ስለ ሌሊት አንድም ቃል የለም። ለሐኪሙ ጻፍኩለት። ገና አልመለሰም።